እምቢታዬን ያመኑት አከራዬ

ከደብረ ማርቆስ ሐረር ለማስተማር ስመደብ፣ ኤረር በር አጠገብ በአንዲት አረጋዊት ሐረሪ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጠሙ። በአንድ ግቢ ሁለት ጾመኞች ሆንን።

አንድ ማታ የመግሪብ አዛን እንዳለቀ ጠሩኝና ቴምርና የምስር ሳምቡሳ አቀረቡልኝ። «ቅቤ የሚባል አልነካውም፤ ዘይቱንም ላንቺ ብዬ ለብቻው አድርጌዋለሁ። ብዪ አቦ!»

እኔ ደግሞ ያደግሁት ጨዋ ቤት ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን ከዘረጋ ሆዳም ይባላል፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እስኪባል ይጠብቃል። ዓይኔን ከሳምቡሳው ላይ በግድ ነቅዬ፣ «ኧረ አይገባም እማማ፣ ጠግቤያለሁ» አልሁ።

«እሺ» አሉና ሳህኑን አነሡት።

አነሡት! ማታ ጸሎት ሳደርስ የሳምቡሳው ሽታ ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር እየተጋፋ አስቸገረኝ።

በማግሥቱም ጠሩኝ፤ በማግሥቱም «ጠገብሁ»። ከዚያ መጥራቱን ተዉት። ሰላምታቸው አጠረ፤ ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ፊታቸውን ወደ ልብስ ማስጫው ያዞራሉ። በዚያ ከተማ ደጄን የሚያንኳኳ ሰው ከእሳቸው ሌላ አልነበረኝም።

ሐረር ተወልዳ ላደገች ባልደረባዬ ጭንቀቴን ነገርኋት። «ራስሽን ሁኚ አቦ! ምን ያጨናንቅሻል?» አለችኝ። ራሴን ሆኜ እኮ ነው በራብ ያደርሁት!

ሲብስብኝ አንድ ማታ ሄጄ አንኳኳሁ። «እማማ፣ አስቀየምሁዎት?»

«የእስላም እጅ ከተጠየፍሽ ምን አደርጋለሁ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምስር ሃይማኖት የለውም ብዬ ነበር የለፋሁት።»

«በመድኃኔ ዓለም! ምራቄን እየዋጥሁ ነው እኮ የሄድሁት!» ብዬ የአገሬን ደንብ ዘረገፍሁላቸው።

አፋቸውን ይዘው አዩኝ። «ወላሂ? እየራበሽ ጠግቤያለሁ? በጾም ውሸት?»

ይህን የንስሐ አባቴም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሳህኑ መጣ። «ብዪ» ሳይሉኝ አነሣሁ። የእናቴ ዓይን ከደብረ ማርቆስ ድረስ ያፈጠጠብኝ መሰለኝ፤ ሁለተኛው ሳምቡሳ ላይ ግን እናቴን ረሳኋት።

ለባልደረባዬ እስካሁን ያልነገርኋት ነገር አለ፤ ምክሯ የሚሠራው እኔን ለሚያውቀኝ ሰው ነው። ለማያውቀኝ፣ መጀመሪያ ማስረዳት ነበረብኝ።

ጾሙ ሳይፈታ እኔም በተራዬ ከጊደር መጋላ ገበያ ሱፍ ገዝቼ ፍትፍት ሠራሁና ከመግሪብ በኋላ ጠራኋቸው። ሻሻቸውን ሰብሰብ፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ልክ እንደ ጎጃም እመቤት፣ «ኧረ አይገባም ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ።

«እሺ» ብዬ ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብሁት።

«አንቺ! መልሺ! በሞቴ በይኝ እንጂ!»

እንዳልል አፌ ሞልቷል።