የተቃጠለው ማሽላ እርቅ

የዚያ ሰሞን ድካሜ እንቅልፍ የሚያስታግሰው አልነበረም። እሁድን ሙሉ ተኝቼ ብውል እንኳ ሰኞ ጠዋት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነስቼ በጠዋቱ ጉም ውስጥ ታክሲ ስጠብቅ እግሬ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። የክሊኒካል ሶሻል ወርክ የድህረ ምረቃ ትምህርቴን የተግባር ልምምድ የምሠራው ደሴ፣ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒት ያዛሉ፣ ነርሶቹ ይሰጣሉ። የቀረው ሁሉ፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሰውም አፍ፣ የእኔ ድርሻ ነው። ለሰው አፍ ደግሞ ክኒን አልተሠራለትም።

ከታካሚዎቼ አንዱ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወደ ደጋን ከተማ በሚወስደው መንገድ የሚኖር ገበሬ፣ ተሽሎት ሰንብቷል። አልጋው ለሌላ በሽተኛ ይፈለጋል፤ የሚወስደው ሰው ግን የለም። አባቱ ጋ በደወልኩ ቁጥር “ኢንሻአላህ፣ በቅርቡ” ይሉኛል። በቅርቡ የሚባለው ቀን እየራቀ ሲሄድ ተናድጄ ራሴ ሄድኩ።

ነገሩ ቤታቸው ስደርስ ተገለጠልኝ። ልጁ ሕመሙ በጠናበት ጊዜ የጎረቤታቸውን የማሽላ ክምር በእሳት ለኩሷል። ቤተሰቡ በድንጋጤ ኮምቦልቻ አጎቱ ቤት ደበቁት፤ ከዚያ ነው ወደ እኛ የመጣው። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ስለ በሽታው ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋቸው። አባትየው በትዕግሥት አዳመጡኝና “ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ። የልጄን በሽታስ እኔም አውቀዋለሁ። የቸገረኝ ጎረቤቴ ነው” አሉ።

ጎረቤትየው ጋ አብረን ሄድን። እኔም የተማርኩትን አወረድኩት፤ ያቃጠለው እሱ ሳይሆን በሽታው ነው፣ ጥፋተኛ ሊባል አይገባም አልኩ። ሰውየው በትር ተደግፈው ሰሙኝ።

“ካላጠፋማ ምን ያስታርቀናል?” አሉ። “በበሽታ ቂም አይያዝም፤ እኔም አልያዝኩም። ግን በሽታን ጎረቤቴ አድርጌ ማደር አልችልም። እዚያው ያዙት።”

ተናግሬ ተናግሬ በሩን በገዛ አፌ ዘጋሁት። ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከማንም ጋር ማውራት አስጠላኝ።

ለታካሚው የሆነውን አለሳልሼ ነገርኩት። ብርድ ልብሱን እያጠፈ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያጥፋል። ስጨርስ ቀና አለ።

“እህቴ፣ ወላሂ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ክብሪቱን የጫረው የእኔ እጅ ነው። በሽታው ነው፣ በሽታው ነው የምትሉኝ ለእኔ አዝናችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጥፋቴን ከወሰዳችሁብኝ ምን ብዬ አፉ በሉኝ ልበል? ይቅርታ የሚጠይቅ እኮ ያጠፋ ሰው ነው።”

ሄዶ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅ ብዬ ለምታሠለጥነኝ መምህርት ስነግራት ፊቷን አጨማደደች፤ ጥፋተኝነት ከተሰማው ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል አለች። ልክ ነበረች። “ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?” ስትለኝ “እወስዳለሁ” አልኳት፤ ደፍሬ ሳይሆን መከራከር ታክቶኝ። ሐኪሙም ውሎ እንዲመለስ ፈቀደ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባትየው ለእርቁ የለመኗቸው የአገር ሽማግሌዎች ጎረቤትየው ደጅ ላይ ተቀመጡ። ከሁሉም በፊት ወደ እኔ ዞሩ። “ልጄ፣ ለእብድ እርቅ አይደረግም። ይህ ሰው ዛሬ ለቃሉ ይበቃል?” አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

ፈራሁ። ያጠናሁት ሁሉ “እንደ ሁኔታው” የሚል ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት ግን አንድ ቃል ነበር። እሺ ካልኩ በኋላ ቢያገረሽበት እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ አይቀበሉትም።

“በሽታው ሊመለስ ይችላል፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም” አልኩ። “ዛሬ ግን ለቃሉ ይበቃል።”

ታካሚዬ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ቀረበ። “ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አፉ ይበሉኝ” አለ። ጎረቤትየው ድንገት ፈነዱ።

“አንተ! ልጆቼ ክረምቱን በምን እንደወጡ ታውቃለህ? በልተህ ያደግክበትን ቤት! የገዛ ልጄ መስለኸኝ በሬን ክፍት አድርጌ የማድር ሰው! ምን ባደርግህ ነው?”

አባትየው “ኧረ ቀስ በል፣ በሽተኛ ነው” ብለው ሊገቡ ሲሉ እኔም ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ዋርዱ ውስጥ ሁላችንም እንቁላል እንደያዘ ሰው ነበር የምናናግረው፤ ድምፁን ከፍ ያደረገበት አልነበረም።

“ተዉአቸው” አለ ልጁ ቀና ሳይል። “ይቆጡኝ።”

ሰውየው እስኪወጣላቸው ተቆጡ። ሲጨርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ጠጋ አሉና ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

“አፉ ብያለሁ። ግን አጨዳው ሲደርስ ከልጆቼ ጋር ማሳዬ ላይ ትውላለህ። ትቀርና፣ ወዮልህ!”

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ታካሚዬ ወደ እኔ ዞረ፤ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ ፊቱ ግን ይስቃል።

“ሰማሽ እህቴ?” አለኝ። “ወዮልህ አሉኝ እኮ!”