ሽማግሌው የሚያዩት የጃፓን ፊልም

ሳውዲ አረቢያ፣ አሽ-ሹቀይቅ ሳለሁ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸው ዓርብ ዓርብ ብቻ የምትጠይቃቸው ሰው ነበሩ። ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ስልክ ካልተደወለልኝ አማርኛ ከአፌ ሳይወጣ ይሰነብታል።

ወደ አመሻሹ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንድ ያረጀ የጃፓን ፊልም ይከፍታሉ። በወጣትነታቸው የባሕር ውሃ ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ፣ አንድ ጃፓናዊ ባልደረባቸው አገሩ ሲገባ የተወላቸው ካሴት ነው። የትርጉም ጽሑፍ የለውም። ካራቴ የሚችል ሰው ከእስር ይወጣና አስተማሪውን የገደሉትን ወሮበሎች በየወደቡ ይፈልጋል። ድብድቡን አልወደውም ነበር። የምወደው ሰውየው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሩዝ እየበላ ብቻውን የሚያወራበትን ቦታ ነው።

አንድ ቀን እዚያ ስንደርስ "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምን ይላል?" አሉኝ።

"እኔም አላውቅ፣ ባባ።"

"እንግዲያው አንቺ ተናገሪለት። በቋንቋሽም ቢሆን።"

እየሳቅሁ ጀመርኩ። ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር በአማርኛ አወራለታለሁ። ሩዙ ቀዘቀዘ አልኩ፤ ቤቱ ይሞቃል አልኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ "እማዬ፣ ስትሞቺ አፍሽን እንኳ በውሃ አላረጠብኩልሽም" ብዬ ድምፄ ተቆረጠ።

ቴሌቪዥኑን አጠፉት። "አሁን ምን አለ?"

"እናቴ ሞተች አለ።"

"የሱ ናት የሞተችው ወይስ ያንቺ?"

"የኔ። በሻዕባን ወር።"

ሻዕባን ካለፈ ወራት ሆኖታል። "ለምን አልነገርሽንም?"

"ለማን ልንገር፣ ባባ? ሲደወልልኝ ምሳዎን እየሠራሁ ነበር። ሠርቼ አቀረብኩ።"

ስሟን ጠየቁኝና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ወዲያ ስለሷ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ምን ትዘራ እንደነበር፣ ቁጡ ነበረች ወይ፣ እኔ እሷን እመስላለሁ ወይ። ቁጡ ነበረች አልኳቸው፤ ሳቁ።

ሐጅ እንዳለፈ ታመሙና ሆስፒታል አረፉ። ለቅሶው ላይ ሻይ ሳዞር ልጃቸው ትሪውን ተቀብላ ከሴቶቹ ጋር አስቀመጠችኝ። ያኔ እንባዬ መጣ፤ አላቆም አለኝ። አንዲት ጎረቤት ጀርባዬን እየዳበሰች "ኸላስ፣ ይበቃሻል" አለችኝ።

አሁን ጂዛን ከተማ ሌላ ቤት ነኝ። ልጆች የሞሉበት ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስሜ ይጠራል። ስለ እናቴ ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አንስቼ አላውቅም።