ጨው የሚጨምረው እጅ

በሥራው የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት ዝም ብሎ መቀመጥን ነው።

ሥልጠናው የተሰጠው ቴፒ ውስጥ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ የሚናገረው ሰው አይሰማም። እኔ ሚዛን ተፈሪ ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ስለነበር የደም ግፊት መለካት የሚያስተምረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ይርጋ ግን መለኪያዎቹን ከእጃችን ሰብስበው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና “መጀመሪያ አምስት ደቂቃ” አሉን።

ተለኪው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አሳርፎ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። አይናገርም፤ ለኪውም አያናግረውም። ቀደም ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና መጠጣት የለበትም። ከዚያ ይለካል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይለካል። ጤና ጣቢያ እንዲህ አድርገን አናውቅም ነበር። በሽተኛው ከመንገድ ገብቶ ትንፋሹ ሳይመለስ፣ በሹራቡ ላይ ጠምጥመን የለካንበት ቀን ብዙ ነው።

ሞተር ሳይክል እየነዳ ቀበሌ ለቀበሌ የሚያደርሰኝ ባልደረባዬ ዮሐንስ ጠጋ ብሎ “ሲስተር፣ ይቺ ሥራ በልክሽ የተሰፋች ናት፤ ድሮም አትናገሪም” አለኝ።

እውነቱን ነው። አምስቱን ደቂቃ በኋላ ለጸሎት ተጠቀምኩበት። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ፊት ለፊቴ ለተቀመጠው ሰው እጸልያለሁ። ይህን ለዶክተር ይርጋ ነግሬያቸው አላውቅም። ደንቡን አያፈርስም።

ጥናቱ ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፤ የልብ በሽታ ሊይዘው የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታመም ማወቅ፣ ከዚያም አደጋውን መቀነስ። በየቤቱ እየገባን ግፊት እንለካለን፣ ከጣት ጫፍ ደም ወስደን ስኳር እናያለን፣ ወገብ በሜትር እንለካለን፣ ስለሚበላውና ስለሚጠጣው እንጠይቃለን። አደጋ ያለበት ሰው ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ይጀምራል። እኛ ደግሞ እየተመላለስን እንመክረዋለን፣ እንለካዋለን።

ገበሬዎቹ “ሳያመኝ ምን ፈልገሽ ትለኪኛለሽ?” ይሉኝ ነበር። “እስኪያምዎት ከጠበቅን የምንመጣው ለለቅሶ ነው” እላቸዋለሁ። አብዛኛው ሰው ይስቅና ክንዱን ይሰጠኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ልኬት ግን ሁሉም ተጣለ። ምክንያቱ ጨሞ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ጨሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላ የአገራችን መጠጥ ነው። ቅጠሉ ከታመሰ በኋላ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ በማሰሮ ይፈላል። ጨው ይገባበታል። በቅል ይቀርባል። እኛ ሰው ወደ ማሳው ሳይወጣ ለማግኘት በማለዳ እንሄድ ነበር፤ ማለዳ ደግሞ የጨሞ ሰዓት ነው። እንግዳ ገብቶ ሳይጠጣ፣ የቤቱም ሰው አብሮት ሳይጠጣ ጨዋታ አይጀመርም። ዶክተር ይርጋ የሳምንቱን ሥራ ሲያዩ “እነዚህ ሰዎች ከመለካታቸው በፊት ምን ጠጡ?” ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው። አልተቆጡም። “እንግዲህ የቅጠሉን ግፊት ነው የለካችሁት፤ እንደገና ሂዱ” ብቻ አሉን።

ከዚያ በኋላ ማሰሮው ከምድጃ ሳይወርድ መለካት ለመድን። አንድ ሽማግሌ ግን “ጨሞ የምትፈሪ ከሆነ ማንን ልታክሚ መጣሽ?” ብለው ሲሰድቡኝ፣ ቅሌን ይዤ አምስቱ ደቂቃ እስኪሞላ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ወርቅነሽን ያገኘኋት በዚያ ሰሞን ነው። ወርቅነሽ ትክክለኛ ስሟ አይደለም፤ ታሪኩን የጻፍኩት ግን ፈቅዳልኝ ነው። ከቴፒ ወጣ ባለ ቀበሌ የምትኖር የአራት ልጆች እናት ናት፤ በገበያ ቀን ዝንጅብልና ኮረሪማ ትሸጣለች። አባቷ እሷን በሚያክሉበት ዕድሜ ቡና ሲለቅሙ ወድቀው አልተነሡም። ስለካት ግፊቷ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒት ጀመረች። ጨው ቀንሺ አልኳት፤ እሺ አለች።

በሁለተኛው ጉብኝት ግፊቷ አልወረደም። በሦስተኛውም እንዲሁ። ኪኒኑን በየቀኑ እንደምትውጥ ከባለቤቷም ጠየቅኩ፤ ትውጣለች። ባለቤቷ አቶ በላይ “ጨው ከቤታችን ተሰዷል፤ ወጡ የሆስፒታል ወጥ ሆነ” ብሎ አማረረልኝ። ልጆቹም በጎን ጨው እየነሰነሱ እንደሚበሉ ነገሩኝ። እሷ ግን አትነካም። እኔም መልስ በምንመዘግብበት ታብሌት ላይ “ምክሩን ትፈጽማለች” ብዬ ሞላሁ።

አንድ የገበያ ቀን ዝንጅብል ስትመዝን ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። ልትናገር ስትሞክር አፏ ተሳሰረ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቃትና ሸጣ ጨርሳ ወደ ቤቷ ገባች። የነገረችኝ በሳምንቱ ስሄድ ነው። ያን ጊዜም እጇን በነጠላዋ ሸፍና ይዛ ነበር።

ለዶክተር ይርጋ ደወልኩ። “ሲስተር፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። የሚቀጥለው ላይለቃት ይችላል። ዛሬውኑ ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል አድርሻት” አሉ። በሚኒባስ አብሬያት ሄድኩ። ሆስፒታሉ መድኃኒት ጨመረላት። ስንመለስ ትንሹ ልጇ ገና ጡት መተዉ መሆኑን ነገረችኝ። እኔም እናት ነኝ።

ማታ ዶክተሩ መልሰው ደወሉልኝና ጨው ትበላ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቤቷ ውስጥ ጨው አትነካም አልኳቸው። እውነት ነበር።

በዚያው ሳምንት ተራዋ ሳይደርስ በማለዳ ሄድኩ። ቤት የለችም። ልጆቿ እማማ አለሚቱ ዘንድ ናት አሉኝ። እማማ አለሚቱ የሰፈሩ አዋላጅ የነበሩ ባልቴት ናቸው። በዙሪያቸው ያሉ ሴቶች በየማለዳው እሳቸው ቤት ተሰብስበው ጨሞ ይጠጣሉ። ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እማማ ከጎናቸው ካለው ቅል ጨው በእፍኛቸው ዘግነው ማሰሮው ውስጥ ሲጨምሩ አየሁ። ወርቅነሽ ተቀብላ ጠጣች፤ ሁለተኛም ተቀዳላት። ዐይኗን ከእኔ አሸሸች።

ወደ ቤቷ ስንመለስ ለምን እንደማትነግራቸው ጠየቅኳት።

“አልጠጣም ብል ተጣላች ይሉኛል። ታመምኩ ብል ደግሞ ካሁኑ ያለቅሱልኛል። የቱ ይሻለኛል?” አለችኝ። ከዚያ ቆም ብላ “ሲስተር፣ ለእማማ እንዳትነግሪያቸው” አለች።

ለመነችኝም አልለመነችኝም መናገር አልችልም ነበር። የተለካ ሰው ምስጢር እንደማላወጣ የፈረምኩት በሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ነው። ማሰሮው ውስጥ ጨው የምትጨምር እጅ አንዲት ናት፤ ለዚያች እጅ መናገር ግን አልችልም። ያን ቀን ተንበርክኬ ከጸለይኩት ይልቅ ቤት ስጠርግ የጸለይኩት ይበልጣል።

ለዶክተር ይርጋ ግን መንገር ይፈቀድልኛል፤ ነገርኳቸው። “ምክሩን የጻፍነው ለአንድ ሰው ነው። ጨውን ግን በማሰሮ እየጠጡት ነው” አሉ። ከዚያ መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሴቶቹ ሁሉ ፈቃደኛ ከሆኑ አብረው ይለኩ፣ ውጤቱ ለየብቻ ይነገራቸው፣ ምክሩ ግን ለማሰሮው ይሁን። የማንም ስም አይነሣም። ለዚህ ጥናቱን የሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና እሱን ጠበቅን። በየማለዳው ስልኬ ሲጮኽ ወርቅነሽ ወደቀች የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ፈቃዱ ሲመጣ ዶክተር ይርጋ ራሳቸው አብረውን መጡ። ጭቃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ስለነበር የመጨረሻውን ዳገት ሞተሩን ትተን በእግር ወጣን።

እማማ አለሚቱን ማሰሮውን ከእሳት ሳያወርዱ እንዲያቆዩልን ለመንናቸው። ሴቶቹን ደግሞ አምስት ደቂቃ እንዳይናገሩ ለመንናቸው። ይኸኛው ከበደ። ተዋበች የምትባል ቀልደኛ ሴት “ባሌ ይህን ቢያይ መለኪያውን ገዝቶ ቤት ያስቀምጠው ነበር” አለችና ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠርን።

ከለካናቸው ውስጥ ከወርቅነሽ ሌላም ከፍ ያለባቸው ነበሩ። እያንዳንዷን ጓሮ አውጥቼ ለብቻዋ ነገርኳት። የእማማ ግን ደህና ሆኖ ተገኘ። የወጣት ሰው ግፊት ነበር።

ዶክተር ይርጋ ስለ ጨውና ስለ ልብ በቀላል አማርኛ አስረዱ። እማማ አዳምጠው ሲጨርሱ “እኔ ከሁሉም በላይ ጨው ስጠጣ ኖሬያለሁ። ዛሬ ደህና ነሽ ብላችሁኛል። ታዲያ ጨው ምን አደረገ?” አሉ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ የሳቀችም ነበረች። ዶክተሩ መልሱን እያሰቡ ወደ እኔ ዞሩ።

“እማማ፣ ክንዱ የእርስዎ ነው፤ ማሰሮው ግን የሁላቸውም ነው” አልኩ። ከዚያ በላይ ብል የሰው ምስጢር አወጣለሁ።

እማማ ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ቀና ያለች የለችም። እሳቸውም እንደ ወትሮው ጨዋቸውን ዘግነው ጨመሩ፣ ቀዱ። ጠጥተን ወጣን።

በሚቀጥለው ጉብኝት ሴቶቹን ያገኘኋቸው በተለመደው ቦታቸው ተቀምጠው ነው። ከማሰሮው አጠገብ ግን የኮባ ቅጠል ተነጥፎ ጨው ተቀምጦበታል። ጨሞው ራሱ ያለ ጨው ነው የፈላው፤ ዝንጅብሉና በሶብላው በዝቷል። የፈለገች ከቅጠሉ ቆንጥራ ቅሏ ውስጥ ትጨምራለች። ተዋበች “እማማ ጨዋቸውን ለማን ሠርግ እንደሚቆጥቡ ግራ ገብቶናል” አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ ከድሮው የባሰ ይጨምሩ ነበር። እማማ ግን ቅጠሉን በየቀኑ ትንሽ ራቅ እያደረጉ ያስቀምጡት ጀመር። እየቆየ ለመነሣት የምትሰንፈው በዛች።

ወርቅነሽ አልቆነጠረችም። አለመቆንጠሯንም ልብ ያለ ሰው የለም። ጓደኞቿ መሐል ተቀምጣ፣ እምቢ ሳትል፣ በሽታዋንም ሳትናገር፣ ያለ ጨው ጠጣች። ያን ቀን ቤቷ ወስጄ ስለካት በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ጸሎት አልመጣልኝም፤ እንባ ብቻ ነው የመጣው። ግፊቷ መውረድ ጀምሮ ነበር። ከአዲሱ መድኃኒት ጋር ተጋግዞ በቀጠሉት ወራት እየወረደ ሄደ። ዛሬም ዝንጅብል ትሸጣለች። ትንሹ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል። ጌታ ይመስገን።

ዶክተር ይርጋ ምክሩን በሌሎቹም ሰፈሮች ለማሰሮው እንዲሆን አደረጉት። በሁሉም ቦታ አልተሳካም። ቅጠሉን በማግስቱ የጣሉትም ነበሩ።

ጥናቱ ሲያልቅ ለመሰናበት ወደ እማማ አለሚቱ ሄድኩ። በማን ምክንያት ሐሳባቸውን እንደለወጡ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስም አልጠራሁም።

“ልጆቿን ሁሉ በእጄ የተቀበልኩላት ናት” አሉ። “እጇን በነጠላ ደብቃ ስትመጣ አይቻለሁ። ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ቅጠሉን አነጠፍኩ።”

እማማ ማወቃቸውን ወርቅነሽ የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለመጻፍ ፈቃዷን ስጠይቃት ግን “ለኔ መሆኑ መቼ ጠፋኝ” ብላ ሳቀች።

ይህ ሥራ ሦስት ልጆቼን አሳድጎልኛል። እኔ በማለዳ ስወጣ ትልቋ የታናሿን ፀጉር ጎንጉና ትምህርት ቤት ታደርሳት ነበር። ታግሰውኛል፤ አመሰግናቸዋለሁ። ዶክተር ይርጋን አመሰግናለሁ። በራቸውን ከፍተው ክንዳቸውን የሰጡኝን ሁሉ አመሰግናለሁ።

ከእኔ በኋላ መለኪያውን ለምትይዙት የምለው ይህን ነው። አምስቱ ደቂቃ ሳይሞላ አትለኩ። ሰውየው ቤት ጨው መኖሩን ስትጠይቁ፣ ማለዳ የሚጠጣው የማን ቤት እንደሆነም ጠይቁ።