ቅባ ቅዱስ የጠጣው ሲዲ ማጫወቻ

«የማንን ሬዲዮ ስትሠሪ ነው የከረምሽው?» አለኝ መርማሪው፣ ፊቴ ድረስ ጎንበስ ብሎ።

«ያመጣልኝን ሁሉ» አልኩት።

እውነቴን ነበር። መካነ ሰላም ገበያው ዳር ከአጎቴ ጋር የጥገና ሱቅ አለችን። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ እዚያው ቀረሁ። የተበላሸ ይመጣል፣ እንሠራለን፤ ባለቤቱን ከየት መጣህ ብለን አንጠይቅም። መርማሪው ግን የታጣቂ መገናኛ ሬዲዮ ጠግነሻል ባይ ነው፤ መልሴን አልወደደውም።

የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ከተቱኝ። ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፣ የጤፉ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። በሴቶቹ ጥግ አንዲት እናት ብቻ ነበሩ፤ የቄስ ሚስት፣ ከከላላ በኩል። ወታደሮቹ ትልቁን ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ። ነጠላቸው ውስጥ የጠቀለሉት ነገር ነበራቸው። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ትንሽ ሲዲ ማጫወቻ ነው። ፈታሾቹ ከፍተው አይተው፣ ባትሪውን አውጥተው መልሰውላቸዋል።

«ልጄ ነው» አሉኝ።

ትንሹ ልጃቸው፣ ዲያቆኑ ማለታቸው ነው። ሲዲው ላይ ዜማ ቀርጿል። ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ጥይት መታው። ማን እንደተኮሰ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስልኩም አብሮት ጠፋ። ድምፁ ያለው ሲዲው ላይ ብቻ ነው፣ ማጫወቻው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልሠራም ብሏል።

ከዘቦቹ አንዱ የወረኢሉ ሰው ነው፤ ወሬ ይወዳል። የጥፍር መቁረጫውን አቀበለኝ። «ባለሙያ ነኝ ብለሻል አሉ፣ እስቲ አሳይን።»

በመቁረጫው ሞረድ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁ። ሌንሱ፣ ሌንሱ የሚንሸራተትባት ቀጭን ብረት፣ ነጫጮቹ የፕላስቲክ ጥርሶች፣ ሁሉም በቢጫ ዘይትና በአቧራ ተለውሰዋል።

«ይሄን ማነው ዘይት ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ታመመ ብዬ ቅባ ቅዱስ ቀባሁት። ትንሽ ሻል አለው። ደግሜ ቀባሁት።»

«እማማ፣ ቅባ ቅዱስ ለሰው ነው። ማሽን ይገላል።»

ምላሴ እንዲህ ናት፤ ያልኩትን የምሰማው ከወጣ በኋላ ነው።

ከፍራሹ ጥጥ መዝዤ ክብሪት እንጨት ላይ ጠመጠምኩ። የዘቡን ሳኒታይዘር ነካ እያደረግሁ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠረግሁ። የመጀመሪያውን ጥጥ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። እማማ በጉልበታቸው ድኸው ሄደው አነሱት።

«የተቀደሰ ነው ልጄ፣ እግር አይርገጠው።»

ከዚያ ወዲያ የቆሸሸውን ጥጥ ሁሉ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። እሳቸው በቆርቆሮውና በእንጨቱ መሃል ከፍ አድርገው ይሰኩታል። ዛሬም ሱቅ ውስጥ ጥጥ መሬት አልጥልም። አጎቴ ይስቅብኛል።

«አሁን ዘይት እፈልጋለሁ» አልኩ።

«ይገላል ስትይ አልነበር?» አለ ዘቡ።

«ሲበዛ ነዋ። ይቺ ብረት አንዲት ጠብታ ትፈልጋለች። ሌንሱ ላይ ግን ምንም።»

ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ አወጣ። «የክላሽ ነው። ሌላ የለኝም።»

እማማ ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ ማጫወቻውን።

«ያሠራዋል?» አሉኝ።

«ያሠራዋል።»

«እንግዲያ ቀቢው።»

ጠብታዋን በክብሪት ጫፍ ብረቷ ላይ አሳርፌ ሌንሱን በጣቴ ወዲያ ወዲህ ሳመላልስ ሌላ ዘብ በሩ ላይ ቆሞ ስሜን ጠራ። አጎቴ ዋስ ይዞ መጥቷል።

«ተነሽ፣ ተፈትተሻል። ኃላፊው ሊወጣ ነው፤ ከወጣ የሚፈርምልሽ የለም።»

«አልጨረስኩም።»

«ያምሻል እንዴ? ሰው ውጣ ሲሉት ይሮጣል።»

«ብሎን ቀርቶኛል አልኩህ።»

የወረኢሉው ሳቀ። «ተዋት እባክህ፣ ባለሙያ እኮ ናት። አብሽሪ፣ ጨርሺ።»

አራቱን ብሎኖች አሰርኩ። አንዱ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። በሩ ላይ ያለው ዘብ ሰዓቱን ያያል። የወረኢሉው የእጅ ባትሪውን ፈትቶ ሁለቱን ድንጋዮች ሰጠኝ።

ሲዲው ዞረ። ሌንሱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። እማማ አንዱን ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ። ሲርርር የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ አንድ ወጣት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጀመረ እንዴ? እየቀረጸ ነው?» አለ።

«አዎ ልጄ፣ ጀምሯል» አሉት።

ዜማውን ሲያነሳ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ በሌላኛው ጆሯቸው አደረግሁላቸው። ጫማዬን አንስቼ ወጣሁ።