ነሲባ የተመኘችው ደም

ነሲባ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ሴት ልጅ ስትገላገል፣ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ያለን ጎረቤቶቿ ገንፎ ይዘን አራስ ጥየቃ ገባን። እሷ ግን ሐሳቧ ስልኩ ላይ ነበር። ከክሊኒክ ደውለው ሕፃኗ ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ተሸካሚ ናት፣ አትታመምም፣ ግን ከአንዳችሁ ስለወረሰችው ሁለታችሁም ተመርመሩ ብለዋታል።

ባሏ መንሱር ታክሲ ነጂ ነው፤ አፉ አያርፍም። ይሄ የጥቁር አሜሪካኖች በሽታ ነው፣ ወሎ ምን ሊሠራ ይመጣል አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሐበሻ መሆን ክትባት ይመስለናል።

ነሲባን ያሳደጓት ባልና ሚስት በድርቁ ዘመን ከወሎ በሱዳን ጠረፍ ወዳለው አሶሳ ለሰፈራ የተወሰዱ ነበሩ። እዚያ አራስ ልጅ ተጥላ አገኙ፤ ሲመለሱ ደሴ ይዘዋት ገቡ። ከሰፋሪ ትወለድ ከአገሬው፣ እነሱም ሳያውቁ ሞቱ። ነሲባ መስታወት ፊት ስትቆም የእናቷን መልክ እንደምትፈልግ ነግራኛለች። አንጀቴን በላችው።

ለምርመራ ዲኬተር ከተማ ወዳለው ክሊኒክ ሄደን ባልና ሚስቱ ደም ሲሰጡ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ስታስረዳ፣ በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሰው ይሸከመዋል፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብርቅ ነው፣ ወባ በበዛበት በሱዳን ጠረፍ ግን አለ፣ የመንም ሕንድም አለ አለች። ነሲባ የሰማችው ጠረፉን ብቻ ነው።

«ከኔ ከሆነ እናቴ የዚያ አገር ሰው ናት ማለት ነው» አለችኝ መኪና ውስጥ። ደም መንደር አይናገርም ብዬ ላበርዳት ሞከርኩ። «መንደሩ ይቅር፤ የሷ የሆነ አንድ ነገር ይኑረኝ» አለች። በሽታን እንዲህ ሲናፍቁ አይቼ አላውቅም።

ውጤቱ ሲደርስ ሦስታችንም ተመልሰን ሄድን። ተሸካሚው መንሱር ሆኖ ተገኘ። የአያቱ አባት ባቲ የከተመ የየመን ነጋዴ እንደነበር ያስታወሰው ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወር ሙሉ እስቅበት ነበር።

ነርሷ ነሲባን ፈገግ ብላ አየቻት። አንቺ ነጻ ነሽ፣ የሚቀጥሉት ልጆቻችሁም አያሰጓችሁም አለች። እኔም እንዳለችው ተረጎምኩ።

ነሲባ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እንደገና ቼክ ታድርግልኝ በያት።»

ነርሷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ነሲባ ክንዷን አላነሳችም።