እግሬን ያሰረችው ዕጢ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ አብቅቶ የተማሪ ልብስ ስፌት የሚበዛበት ጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ነቀምቴ ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ ጨርቁ ተከምሮ ነበርና።

አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ፔዳል ልረግጥ ብል እግሬ እንቢ አለኝ። ሕመም የለውም፤ ጉልበት ብቻ አጣ። መኪናው በእግር ነው የሚሠራው፤ እግሬ ከከዳኝ እንጀራዬም ቀረ ማለት ነው።

ጎረቤቴ እኩያዬ ናት፣ ባሏ የሞተባት ኦሮሞ። ሁልጊዜ ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ ብላ አንድ ስኒ ቡና ታቀብለኛለች፤ እንደ ወለጋ ደንብ ጨው ያለበት። ድካሜን ስታይ፣

«ኦቦ፣ ጨው ነው የሚያበረታህ» አለችና ጨመር አደረገችበት። ጣፈጠኝ፤ በቀን ሦስቴ ጠጣሁ። በሳምንቱ ደጃፉን መሻገር አቃተኝ።

ተደግፌ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ። የደም ግፊቴ ጨምሯል፤ ፖታሲየም የሚሉት፣ ለጡንቻ ጉልበት የሚሰጠው ማዕድን ደግሞ ወርዷል።

«አባባ፣ እንደማንኛውም ሰው ከኩላሊትዎ በላይ ትንሽ ዕጢ አለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሕዋሶቿ በር አላቸው። ፖታሲየም በበሩ ሲወጣ ሕዋሱ ያርፋል። ግፊት ሲወርድ ከኩላሊት በኩል መልእክት ይመጣና በሩ ይዘጋል፤ ሕዋሱ ይነቃል። ያኔ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ጨው የሚያስቀር፣ ፖታሲየም የሚያስጥል ሆርሞን ይሠራሉ።»

«የእኔስ?»

«የእርስዎ ዕጢ መልእክት ሳይመጣም ትሠራለች። በሩ ሳይበላሽ አልቀረም።»

«ሳይታዘዝ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ በለኛ!» አልኩት። ሳቀ። የቡናውን ነገር ስነግረው ግን ሳቁን ተወ።

«ይኼማ አባሰብዎት። ጨው በበዛ ቁጥር ፖታሲየሙ በሽንት ይሄዳል።»

ኪኒን ሰጠኝ፤ ጨውን ከለከለኝ። ከኪኒኑ ይልቅ የከበደኝ ለጎረቤቴ መንገር ነበር። ስኒዋን መመለስ ነውር መስሎኝ ሁለት ቀን ከጓሮ ጎመኑ ላይ ደፋሁት። በሦስተኛው ያዘችኝ።

«የእኔን ቡና ለጎመን?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስኒዋን ይዛ ሄደች። ተቀየመች ብዬ አዘንኩ።

በማግስቱ ሁለት ስኒ ይዛ መጣች።

«ጨው የለውም። እኔም ያንተኑ ነው የምጠጣው።» ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች። «ኡፍ! ይኼ ደግሞ ቡና ነው?» ግን ጨረሰችው።

ከሳምንታት በኋላ ፔዳሉ እሺ አለኝ፤ መጀመሪያ የሰፋሁት የአንዲት ተማሪ ጉርድ ነበር። ዕጢዋ እስከ ዛሬ አመሏን አልተወችም፤ ኪኒኑ ነው የያዘልኝ። ኪኒኑን ሐኪሙ ሰጠኝ። ጨው የሌለውን ቡና አብራኝ እየተማረረች፣ በየጠዋቱ «ዋጥከው?» እያለች ያሻገረችኝ ግን ያቺው ጎረቤቴ ናት።