በኦታካር ድንጋይ ሥር

እትዬ ብላዤና የከተማችንን መቃብር ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራው ለእኔ ደረሰ። ልጄን በጋሪ እየገፋሁ፣ ቅጠል እየጠረግሁ፣ ሁሉንም ከእሳቸው ተማርኩ።

«እኛ ጋ ሬሳ ይቃጠላል። ጭቅጭቁ ከዚያ በኋላ ነው» ይሉኝ ነበር።

አመዱ የታሸገበት ቆርቆሮ ወይ ከቤተሰብ ድንጋይ ሥር ይገባል፣ ወይ ግድግዳው ውስጥ መስታወት ባለው ሳጥን ይቀመጣል፤ ካልሆነም አመዱ ነጫጭ ግንድ ካላቸው ዛፎች ሥር ሣሩ ላይ ይበተናል። ሣሩ ላይ ስም አይጻፍም። «ሣሩን የሚመርጥ ወይ ማንንም ማስቸገር የማይፈልግ ነው፣ ወይ የሚቸገርለት የሌለው» ይሉ ነበር እትዬ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ራዲም የሚባል። በሃያ ሦስት ዓመቱ ሰክሮ ሐዲድ ላይ ተኛ፤ ባቡር ገደለው። እናቱ ራሳቸው ሣሩ ላይ እንደበተኑት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ በየዓመቱ በሙታን ቀን ሻማ ያበሩ የነበሩት ሣሩ ጋ ሳይሆን ጫካ ጠባቂ ከነበሩት ከአቶ ኦታካር ድንጋይ ፊት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ሰው ምን ይበል? ውሽማው ነበረች አለ።

አምና መስከረም ላይ ከአቶ ኦታካር የልጅ ልጅ ከይትካ ደብዳቤ መጣ። የአያቷን ቆርቆሮ አውጥታ ብርኖ ከተማ፣ ቤቷ አጠገብ ካለው መቃብር ግድግዳ ልታስገባው ነው። እትዬ ያን ጊዜ ካንሰር ይዟቸው፣ ቆዳቸው ቢጫ ሆኖ አልጋ ላይ ነበሩ። ሳነብላቸው ብድግ አሉ።

«አይወሰድም!»

«እትዬ፣ አያቷ እኮ ናቸው። መብቷ ነው።»

«አያቷ አይደለም። ራዲሜ ነው።»

ትኩሳት መስሎኝ ግንባራቸውን ነካሁ። እጄን ገፍተው ነገሩኝ።

ራዲም የሚበተን ዕለት ሁለት ቆርቆሮ አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ የራዲምና የአቶ ኦታካር። በዝናብ፣ እንባ ዓይናቸውን ጋርዶት፣ ክዳኑን ሳያነቡ አንዱን ከፍተው በተኑ። ከአመዱ ጋር ክብ ሸክላ ወደቀ። ከሬሳው ጋር እሳት ውስጥ የሚገባ፣ ቁጥር ያለበት፣ የማይቃጠል ሸክላ ነው። አንስተው አነበቡት። ቁጥሩ የልጃቸው አይደለም። አመዱን ዝናቡ መሬት ውስጥ አስገብቶታል።

«በማግስቱ የኦታካር ቤተሰብ ጥቁር ለብሶ፣ ጥሩንባ ነፊ ይዞ መጣ። ምን ልበላቸው? ክዳኑን ቀየርኩና ልጄን አንስቼ ሰጠኋቸው።»

«የአቶ ኦታካር ሚስትስ?» አልኩ።

«ሻማዬን አየች። ስትሞት ‹ከእሱ ጋ አታስገቡኝ፣ ሣሩ ላይ በትኑኝ› ብላ ተናዘዘች። እኔው በተንኳት። እዚያው ባሏ ላይ።» ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲቆም ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። «ትዳሯን በሻማ አቃጠልኩባት።»

«ለይትካ እውነቱን ይንገሯት» አልኩ። እሺ አሉ።

ሐሙስ ቀን ይትካ መጣች። ቆርቆሮው የሚወጣበትን ወረቀት ይዛ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አያትሽ...» ብለው ጀመሩ።

«አይድከሙ። ሴት አያቴ እስክትሞት ስትረግምዎ ነበር። እኔ አልረግምም። ግን ወሬ ሰልችቶኛል፣ ከአፍዎ ልስማ። ውሽማው ነበሩ?»

እትዬ አዩኝ። እኔ ጋሪው ውስጥ ያለችውን ልጄን አየሁ።

«ነበርኩ» አሉ።

ይትካ ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲህ አያቴ አላበደችም።» ቀጥላም፣ «እኔ ብርኖ ሥራ ይዤ በዓመት አንዴ ባበራለት ነው። እዚህ ይሻለዋል፤ ይቆይ» አለች። ልትወጣ በሩን ከያዘች በኋላ ዞረች። «እርስዎስ ቦታ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ድንጋዩ ሰፊ ነው» አለችና እዚያ እንዲገቡ ፈረመችላቸው።

በሩ እንደተዘጋ እትዬ፣ «አየሽ? በሰባ አራት ዓመቴ ሸርሙጣ ሆንኩ» አሉ። ከትራሳቸው ሥር ያን ክብ ሸክላ አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት።

ጥር ላይ ሞቱ። መሬቱ በውርጭ ደርቆ ድንጋዩን በብረት ዘንግ ፈልቅቄ ቆርቆሯቸውን ከራዲም ቆርቆሮ አጠገብ፣ ክዳኑ ከክዳኑ እንዲነካካ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከላይ የተጻፈው ኦታካር ነው። የእናትየውም የልጅየውም ስም የለም። ሸክላውን ሣሩ ውስጥ ቀበርኩት።

ዘንድሮ በሙታን ቀን ይትካ ሁለት ሻማ ይዛ መጣች። አንዱን ድንጋዩ ፊት አበራች። ሌላውን ወደ ሣሩ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳት። ነፋሱ ክብሪቱን እያጠፋ አስቸገራት፤ በመዳፌ ከለልኩላት።

«ምስኪን አያቴ። እሱ እዚያ ከውሽማው ጋ፣ እሷ እዚህ ብቻዋን» አለች።

እውነቱን ልነግራት አሰብኩ። ብናገር ድንጋዩ ይከፈታል፣ እናትና ልጅም ይወጣሉ።

«ብቻቸውን አይደሉም» አልኩ።

«አዎ፣ እዚህ ያልተበተነ የለም» አለችና ሻማውን ሣሩ ላይ አቆመችው። እኔ ነበልባሉን የከለለውን እጄን ሳላነሳ ቆየሁ።